በረኛና ዝናው

በእግር ኳስ ሜዳ ከሚሰለፉት 11 ሰዎች መካከል ለምስጋና ሩቅ፣ ለወቀሳ ግን ቅርብ የሆነው በረኛ ነው። አጥቂ ዐሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ በትከሻ ይሸከሙታል፤ በረኛ ዐሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢያመልጠው የሽንፈቱ ዕዳ ሁሉ በእርሱ ራስ ላይ ይወድቃል።

እኔ በመርሳ ለክፍላችን ቡድን በረኛ ሆኜ እቆማለሁ። ጓደኞቼም «ወደ ፊት ወጥተህ ብትጫወት ስምህ ይጠራ ነበር» ይሉኛል። መልሴ ይህ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ወሰደች። ያገቡትም ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ መሆናቸውን ኳስ ወዳዱ ሰው እንደ ዳዊት ይደግመዋል። በረኛው ማን ነበረ ብዬ ስጠይቅ ግን መልስ አላገኝም። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበረ። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀድመው መርተዋል፤ ሦስተኛ ጎል አግብተው ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ።

ልክ በ51ኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ገጠመ። ከዕረፍት በፊት በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛሬም የሚወራው ስለዚያ ቀይ ካርድና ስለ አዳነ ግርማ የአቻነት ጎል ነው። ከተጠባባቂ ወንበር ድንገት ተነሥቶ፣ ዐሥር ሰው ከቀረው ቡድን ኋላ ቆሞ፣ ጨዋታው 1 ለ 1 እንዲያልቅ የደከመውን ዘሪሁን ታደለን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ የወርቅ ኳስ ሽልማት በ1956 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ያገኘው በረኛ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በ1963 እ.ኤ.አ. የተሸለመው ሩሲያዊው ሌቭ ያሺን ነው።

በሀብሩ ቆላ ማሽላው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቃለን። በአውድማ ጊዜ የሚመሰገኑት አራሹና አጫጁ ናቸው፤ ወፍ ሳይበላው የቀረውን እህል ማንም አይሰፍረውም። ሆኖም ክረምቱን የምንበላው ከእርሱ ነው። የበረኛም ሥራ እንዲሁ ነው፤ የገባ ጎል ይቆጠራል፣ ሳይገባ የቀረው ግን መዝገብ የለውም።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በወልድያ ስታዲየምም ሆነ በመርሳ ሜዳ ጨዋታ ስታዩ ዓይናችሁን አንዳንዴ ወደ ኋላ መልሱ። እኔ ግን አጨበጨባችሁም አላጨበጨባችሁም፣ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለውን ስፍራዬን አለቅም።