ሆዴ የመረጠው መርከብ

ጉዞ የማያጥወለውለው ሰው መርከብ ሲመርጥ ስለ ምግቡና ስለ መዋኛው ይጠይቃል። እኔ ደግሞ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ያለ ፌስታል ተሻግሬ አላውቅም። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ከአሥር ዓመት መለያየት በኋላ፣ «በመርከብ እየተንሸራሸርን እንገናኝ፤ መርከቡን አንተ ምረጥ» ስትለኝ ደስታዬንና ሆዴን ማስታረቅ ግድ ሆነብኝ።

ጠቡ የሚነሣው ከጆሮ ነው። የውስጠኛው ጆሮ «እየተናወጥን ነው» ይላል፤ የክፍሉን ግድግዳ የሚያየው ዓይን ደግሞ «ኧረ ቆመናል» ብሎ ይከራከራል። አንጎል ግራ ሲገባው ዕዳውን የሚከፍለው ምስኪኑ ሆድ ነው። እንግዲህ ለእንደኔ ዓይነቱ፣ አድማስ የሚያሳይ መስኮት ከመዋኛ ገንዳ ይበልጣል። መኝታውም በመርከቡ ወገብ፣ ከታችኛው ፎቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ጫፎቹ ሲነሡና ሲወድቁ መሃሉ እምብዛም አይንቀሳቀስምና። ትልልቆቹ መርከቦች ከውሃ በታች የሚዘረጉት ክንፍ መሳይ ማረጋጊያ አላቸው። እሱም ቢሆን የጎንና ጎኑን ውዝዋዜ ይቀንስ እንጂ የፊትና የኋላውን ብዙም አይገታም።

ነገሩ የፈሪ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የተዋጋው አድሚራል ኔልሰን እንኳ ባሕር ያጥወለውለው ነበር። ዳርዊንም ከ1831 እስከ 1836 በዘለቀው ጉዞው ከዚሁ ሕመም አልተላቀቀም።

ጀግንነቱን ለእነሱ ትቼ ወንዝ መረጥኩ፦ ከሉክሶር እስከ አስዋን፣ የባሕር ማዕበል በማይደርስበት ዓባይ ላይ። እህቴ «ባሕሩን ፈርተህ ነው» ብላ ትስቃለች። ትሳቅ። አሥር ዓመት የናፈቅኳትን ሰው ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ማግኘት አልፈልግም።