የእንቁላል ሒሳብ

ደብረ ብርሃን ገበያ እንቁላል ይዞ የተቀመጠ ልጅ ሲያባዛ አስተውለው ያውቃሉ? መጀመሪያ አገጩን ቀና ያደርጋል፤ ቀጥሎ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቶቹም ጋቢው ውስጥ እንደተሸሸጉ ይቆጥራሉ (ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ በተቀመጠ ከተማ ለሒሳብ ብሎ እጁን ለብርድ የሚሰጥ የለም)። እንቁላሉ አንዱ 13 ብር ነው፣ ገዢዋም 24 ፈልገዋል እንበል። "ይቆዩኝ እትዬ" ይልና አሥሩን 130፣ ሌላውን አሥር ጨምሮ 260፣ የቀሩትን አራቱን 52 አድርጎ 312 ላይ ያርፋል። አንድ ብር አጉድለው ቢሰጡት ይነቃል።

ይኸው ልጅ ሰኞ አራተኛ ክፍል ገብቶ 24 ሲባዛ በ13 የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት ሌላ ሰው ይሆናል። ሦስት ጊዜ አራት 12፣ ሁለት ጽፎ አንድ በእጅ፤ 72 አገኘ። ከዚያ በአንዱ ሲያባዛ 24 ይመጣለታል፤ ይህ አንድ ግን የአሥር ቤት መሆኑን ይረሳና 24ቱን አንድ ቤት ወደ ግራ ሳያሸሽ ልክ ከ72 ሥር ይደረድረዋል። ድምሩ 96። በማስመሪያ አስምሮበት ራይት ይጠብቃል። 24 እንቁላል በ96 ብር! ገበያ ላይ ይህን ዋጋ የሚጠራ ገዢ ቢመጣበት ቅርጫቱን አቅፎ ይነሣ ነበር። ወረቀት ኪሳራ አያውቅም፤ ኪስ ያውቃል።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 1985 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ብራዚል፣ ሬሲፌ ከተማ ከአምስት ሕፃናት ቸርቻሪዎች እየገዙ ሒሳብ ሲጠይቋቸው ልጆቹ ከመቶ 98 ያህሉን መለሱ፤ ቁጥሩ ለብቻው ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን 37 ያህሉን ብቻ። ከመካከላቸው አንዱ የ12 ዓመት ልጅ ባለ 35ቱን ኮኮናት አሥር ሲሉት ዜሮ መጨመሩን ትቶ፣ ሦስት ሦስቱን 105 እያለ ደማምሮ 350 ደረሰ። ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ግን ደረሰ።

እንዲያውም የውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት "የኢትዮጵያ ማባዛት" የሚሉት አንድ ዘዴ አለ፤ አንዱን ቁጥር እየገመሱ ሌላውን እጥፍ ማድረግ ነው። 13 ሲገመስ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል (ትርፍራፊው ይጣላል)፤ 24 ደግሞ 48፣ 96፣ 192። ከተጋማሹ ቁጥር ከ6 ትይዩ ያለውን 48 ሰርዘው የቀሩትን 24፣ 96 እና 192 ቢደምሩ ያው 312 ነው። የጥንት ግብፆችም እጥፍ በማድረግ ያባዙ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ላይ በጠገራ ብርና በአሞሌ ይገበያይ የነበረው ሲራራ ነጋዴም ቢሆን ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ የታተመበት ደብተር አልነበረውም።

ይህን ስል የወረቀቱን ስልት መናቄ አይደለም፤ 248 የመንዝ በግ በ6,750 ብር ሒሳብ ጋቢ ውስጥ ባሉ ጣቶች አይዘለቅም። ብቻ መምህራን፣ 96 ጽፎ የመጣ ልጅ ካለ ኤክስ ከማድረጋችሁ በፊት "በዚህ ዋጋ ትሸጥልኛለህ?" በሉት።