«ልጅስ?» ከሚሉን ሸሽተን

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ እኔና ባለቤቴ እናቴን ልንጠይቅ ቆቦ ወረድን። ራያን በጥቅምት ያላየ ሰው ምን አየ ትላላችሁ? ከሮቢት ጀምሮ እስከ ዋጃ ሜዳው ሁሉ ማሽላ ነው። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ፤ ከወዲያ የዞብል ተራራ ተገትሯል፤ ግመል ጭነቱን ተሸክሞ በመንገዱ ዳር ይጎተታል። ሙቀቱን ግን አትጠይቁኝ። ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ቀን ቀን ሥራው ጥላ ፍለጋ ነው።

ከሙቀቱ የባሰ ግን ሌላ ነገር ነበር። የመጣው ሁሉ ገና ቡናው ሳይቀዳ ዓይኑን ሆዴ ላይ ይጥልና «ልጅስ?» ይላል። አክስቴ፣ የአክስቴ ጎረቤት፣ ወፍጮ ቤት ያገኘኋት ሴትዮ እንኳ ሳትቀር። ልብ በሉ፤ ባለቤቴም እኮ አጠገቤ ተቀምጧል። እሱን የጠየቀው አንድም ሰው የለም። ለእሱ «ብላ፣ ጠጣ፣ ምነው ከሳህ?» ነው።

ነገሩን ግልጽ ላድርገው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ አንድ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ባልና ሚስት ያለመከላከያ አንድ ዓመት አብረው ቆይተው እርግዝና ካልመጣ ሁለቱም መመርመር እንዳለባቸው ነገረኝ። ሁለቱም! ልጅ ካጡት ጥንዶች መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ምክንያቱ፣ ብቻውንም ሆነ ከሴቷ ጋር ተደርቦ፣ በወንዱ በኩል እንደሚገኝም አስረዳኝ። እኔ ደም ሰጠሁ፣ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ምንም አልተገኘብኝም። ባለቤቴን «አንተስ?» ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም።» ክፉ ሰው አይደለም። ደሞዙን የማይደብቅ፣ ስታመም ሽሮ የሚሠራልኝ ሰው ነው። ያቺ ነገር ስትነሳ ብቻ ፊቱ እንደ በር ይዘጋል። ለነገሩ የኛ አገር ወንድ ጥርሱን ሊነቀል እንኳ ተለምኖ ነው የሚሄደው!

እናቴ ለሰባት ቀን ጠበል እንድገባ አሰበች። ጠበሉን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ብቻዬን መግባቱ ነው ያስጠላኝ። ባለቤቴ ድንገት «እኔ ላሊበላን በዓይኔ አይቼ አላውቅም» አለ። ላሊበላ ሲባል እናቴ ምን ትበል? አንድ እስር ጧፍ ገዝታ ሰጠችን፤ እሱንም «አደራ ልጄ፣ እንድታበራልኝ» አለችው። የቀሩን አራት ቀናት ነበሩ። በአንድ ሻንጣ ወጣን።

ከቆቦ ወልዲያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወልዲያ ወደ ድልብ ሽቅብ ሲወጣ መኪናው ተራራውን እየተጠማዘዘ ይቧጥጠዋል፤ አገሬው የቻይና መንገድ የሚለው ወደ ወረታ የሚያልፈው መንገድ ነው። ጠዋት በላብ የተጠመቀ ሰው ጋሸና ሲደርስ በብርድ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ነጠላችንን ለሁለት ተከናንበን፣ ከጋሸና ወደ ቀኝ ታጥፈን፣ ሲመሻሽ ላሊበላ ገባን። ታክሲው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ «ልጅስ?» አላለንም። እንዴት እንደሚያሳርፍ!

ስለ ላሊበላ እኔ ምን እጨምራለሁ? ከአለት የተፈለፈሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስን በፎቶ ያላየ የለም። ፎቶው የማያሳየው፣ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ጉልበታችሁ የሚላላውን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከቤተ ገብርኤል ወ ሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆርዮስ የሚወስድ ድቅድቅ ጨለማ ዋሻ አለ፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። መሪያችን ባትሪ አታብሩ አለን። አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ባለቤቴ ትከሻ ላይ። ጨለማ የሚፈራ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ሦስት ዓመት አብሬው ተኝቼ! እየተንቀጠቀጠ ግን ከፊት ሄደ። ስንወጣ ሁለታችንም ሳቅን።

ቤተ ጎልጎታ ደጃፍ ላይ ሴት አይገባም ተባለ። ጧፉን ይዞ እሱ ገባ። እኔ ጫማ ስጠብቅ ቀረሁ።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ከጦርነቱ በፊት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በቆቦም፣ በጋሸናም፣ በላሊበላም የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ወዲህም መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነው የኖረው። እንሂድ የምትሉ ቀድማችሁ አገሬውን ደውላችሁ ጠይቁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ወልዲያ ተመልሰን፣ በመርሳና በውጫሌ አድርገን ሐይቅ ከተማ ወረድን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ናት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ቀድሞ ዙሪያዋን ውሃ የከበባት ደሴት ነበረች፤ ውሃው ሸሽቶ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዛለች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ያቋቋሙባት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተምረው የመነኮሱባት ቦታ ናት። በ1270 እ.ኤ.አ. የነገሠው ይኩኖ አምላክም በልጅነቱ እዚሁ ተማረ ይባላል። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሰው ነበር። ዛሬ ድንጋዩና ዛፉ፣ የወፉም ድምፅ ነው የሚቀበላችሁ።

እዚያም ሴት አይገባም። እሱ ገባ፤ እኔ ውሃውን እያየሁ ከዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት መነኩሲት መጥተው አጠገቤ አረፍ አሉ። የሴቶቹ ገዳም ለብቻው ነው። ጨዋታ ሲጀምሩ ስለ ሐይቁ አፈ ታሪክ አጫወቱኝ። ጥንት ይህ ሁሉ መሬት ነበር አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔር ተቆጣና አገሩን ከነልዕልቲቱ ውሃ አደረገው፤ ያልሰጠመው ሴትየዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው። ደሴቷ እሷ ናት።

«እንዴ እማሆይ» አልኩ፣ «በሴት ምክንያት የተረፈ መሬት ሴት አይገባበትም?»

ሳቁ። «አብሽሪ ልጄ፣ እኔም እኮ ውጭ ነኝ» አሉኝ። ቀጥለው፣ እንደ ቆቦዎቹ ሳይሆን በቀስታ፣ «ልጅ አለሽ?» አሉ።

አፌን ስከፍት ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ ተመልሶ ቆሟል። «የለንም እማሆይ» አለ። «ሦስት ዓመታችን ነው። ከእኔም ሊሆን ይችላል፤ ገና አልተመረመርኩም።»

እናንተዬ! ይህን ቃል ለእኔም ብሎኝ አያውቅም። መነኩሲቷ አልደነገጡም። «ታዲያ ተመርመር እንጂ» ብለው መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙን።

እዚያ ምን እንደገባው ኋላ ጠይቄዋለሁ። ውስጥ ያሉት አባቶች ስሙንና አገሩን እንጂ ሌላ አልጠየቁትም። ተመልሶ ሲመጣ ብቻዬን ውጭ ተቀምጬ አየኝ፤ ቆቦ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲጠይቀኝ እሱ ብላ ጠጣ እየተባለ ዝም ማለቱ ትዝ አለው። ይኸው ነው ያለኝ። እኔም አልጨመርኩበትም። ወጥተን የሐይቁን ዓሣ ጥብስ በላን።

ማታ ደሴ አልጋ ይዘን ሐኪሙ ያለኝን እንደ አዲስ ጠየቀኝ። ነገርኩት። የወንድ ምርመራ ከሴቷ የቀለለ ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ ናሙና መስጠት ነው፤ አይወጋም፣ አይቀደድም። ችግር ቢገኝም ብዙው መላ አለው። «ይኼን ያህል ብቻ?» አለ። በጣቱ ቀን መቁጠር ሲጀምር ሳቄ መጣ።

አዲስ አበባ በገባን በአምስተኛው ቀን ካርድ አወጣ። ተራ ሲጠብቅ አራት ወንዶች ጋዜጣ ውስጥ ተደብቀው ተቀምጠው እንደነበር ነገረኝ። ውጤቱን እዚህ አልጽፈውም፤ የሁለታችን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እናቴ ከቆቦ ስትደውል ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው።