«አመለጠው» ወይስ «ሳተው»?

ባለፈው ክረምት ዋሽንግተን ከሚኖሩት አጎታችን ዘንድ ሰንብተን ነበርና፥ አንድ ቀን ማታ ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካኖች ጨዋታ ሊያሳዩን ወሰዱን። «እኛ» ማለታችን የጸሐፊ ወግ ሆኖብን ነው እንጂ፥ የሄድነው አጎታችንና አንድ ተማሪ ብቻ ነበርን።

እውነቱን ለመናገር የሄድነው ለመሳቅ ነበር። እግር ኳስ ለለመደ ዓይን ቤዝቦል ማለት ጎልማሶች ሜዳ ላይ ቆመው ማስቲካ የሚያኝኩበት፥ አንዱ ሲወረውር ሌላው ሲስት የሚያመሽበት ነገር ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮችም ይህን አሳባችንን አላፈረሱብንም። ስታዲየሙ ግን ያስደንቃል። ናሽናልስ ፓርክ ይባላል፤ በአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ በ2008 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) የተከፈተ ሲሆን ወደ 41,000 ሰው ይይዛል። ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበረ አጎታችን የቋሊማውን ሻጭ በትዕግሥት አሳልፈው ከነቅርፊቱ የተቆላ ኦቾሎኒ ገዙ። ቅርፊቱ እዚያው እግር ሥር ይጣላል፤ የሚቆጣ የለም። ከዚያም ከኪሳቸው እርሳስና አንድ መስመር በመስመር የሆነ ወረቀት አውጥተው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። እያንዳንዱን ምት ይመዘግባሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ እንንገር። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ይመታል፤ መትቶም አራቱን ማዕዘን ዞሮ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ከመቺዎቹ ወገን ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ይለወጣል። ይኸው 9 ጊዜ ይደጋገማል። የቀረውን ሕግ አጎታችን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያስረዱን አምሽተው አላለቀላቸውም፤ እኛም እዚህ አንሞክረውም።

አንድ ነገር ግን ወዲያው ወደድንለት። ከ2023 ወዲህ ወርዋሪው እንዳይዘገይ በሰከንድ የሚቈጥር ሰዓት ተደርጎበታል፤ ለጨዋታው ለራሱ ግን ማብቂያ ሰዓት የለውም። የኛ አገር ቡድን አንድ ለባዶ ሲመራ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ በረኛው ሣሩ ላይ ይተኛል፥ ቃሬዛ ይጠራል፥ ቃሬዛው ከሜዳ ሲወጣ በሽተኛው ይድናል። በቤዝቦል እንዲህ ያለ ብልሃት አይሠራም። መሪው ቡድን ተሸናፊውን 27ኛ ሰው እስኪያስወጣ ድረስ ወርውሮ ማስመታት አለበት። ጠላትህን ዕድሉን ሳትሰጠው ልታሸንፈው አትችልም።

ነገሩ የመጣው በአምስተኛው ዙር ነው። የኛ (ማለት የአጎታችን) ቡድን ሁለት ሰው ወጥቶበት አንድ ሯጭ በሦስተኛው ማዕዘን ቆሟል። መቺው ኳሱን በመሬት ላይ ሰደደው። የእንግዳው ቡድን ተከላካይ ጎንበስ አለ፤ ኳሱ በጓንቲው ሥር አለፈ። ሯጩ ገባ፤ ሕዝቡ ተነሥቶ ጮኸ፤ እኛም አብረን ጮኽን።

«አመለጠው!» አልን።

አጎታችን አልተነሡም። «ሳተው» አሉ፥ እርሳሳቸውንም አራሱ።

ጥቂት ቆይቶ በትልቁ ሰሌዳ ላይ የእንግዳው ቡድን ስህተት ከ0 ወደ 1 ተለወጠ። ለካስ ሰሌዳው ሦስት ዓምድ አለው፤ አንዱ ነጥብ፥ አንዱ ምት፥ ሦስተኛው ስህተት ነው። ከላይ ከጋዜጠኞቹ ክፍል የሚቀመጥ አንድ መዝጋቢ «ይህን ኳስ በተለመደ ጥረት መያዝ ይቻል ነበር» ብሎ የፈረደ እንደ ሆነ ይጻፋል። አጎታችንም በወረቀታቸው «ኢ» የምትባለውን ፊደል ጽፈው 6 ቁጥርን አስከተሉባት፤ 6 የዚያ ተከላካይ ቦታ ቁጥር ነው።

እኛ አልተስማማንም። ኳሱ ክፉኛ ነጥሮ ይሆናል፥ መብራቱም ዓይኑን ወግቶት ይሆናል። የሰውን ውድቀት በመብራት ጽፎ ለአገር ማሳየት ጭካኔ ነው ብለን ተከራከርን።

«ለሳተው ብቻ የተጻፈ መሰለህን?» አሉን። «አንተ ልጅ፥ ወርዋሪውን ተመልከተው። የዚህ ነጥብ ዕዳ በማን ስም ሊጻፍ ኖሯል? በሱ። እሱ ግን ሥራውን ሠርቷል፤ ኳሱ ቢያዝ ዙሩ ያልቅ ነበር። ስህተቱ በሌላው ስም ስለ ተጻፈ እሱ ነጻ ወጣ።»

ከዚህ በኋላ ሁለት ዙር ያህል ምንም አላየንም። በኛ አማርኛ ብርጭቆ ይሰበራል እንጂ ሰው ብርጭቆ አይሰብርም። ወጡ ያርራል፥ ቁልፉ ይጠፋል፥ ሰዓቱ ይሄዳል። ባለፈው መንፈቀ ዓመትም አራት ሆነን ለጻፍነው ጥናት ከሰዎች የሰበሰብነው መጠይቅ «ጠፋ»። ለመምህሩ የተነገረው ይኸው አንድ ቃል ነበር። ቆሞ ያቀረበው አንዱ ባልንጀራችን ስለ ነበረ ወቀሳው ሁሉ በሱ ላይ ወረደ፤ ውጤቱም ከሦስታችን አነሰ። ወረቀቱን ከታክሲ ስንወርድ የረሳነው እኛ ነን። በዚያች ሰዓት አጠገቡ ተቀምጠን ወለሉን እናይ ነበር።

የአጎታችን ቡድን ያን ነጥብ አግኝቶም ተሸነፈ። ስንወጣ ከአንድ የነሐስ ሐውልት ዘንድ አቆሙን። ጆሽ ጊብሰን ነው፤ ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ በታገዱበት ዘመን በጥቁሮቹ ሊግ የተጫወተ ታላቅ መቺ። ቡድኑ ብዙ ጊዜ ይጫወት የነበረው እዚሁ ዋሽንግተን በግሪፊዝ ስታዲየም ነው። ስታዲየሙ በ1965 ፈርሶ በቦታው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል፤ ከኢትዮጵያውያኑ ምግብ ቤቶች እምብዛም አይርቅም። ጊብሰን በ1947 መጀመሪያ ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን ወደ ትልቁ ሊግ የገባው ከሦስት ወር በኋላ ነው። በ1943 ጊብሰን ከሺህ 466 የሚሆን የምት ውጤት ነበረው፤ ከአሥር ሦስቱን በደህና የመታ ሰው ስመ ጥር በሚባልበት ጨዋታ ማለት ነው። ይህም የምንጊዜም የአንድ ዓመት ከፍተኛ ውጤት ሆኖ በዋናው መዝገብ የገባው በ2024 ነው። የአንድ ተከላካይ ጓንቲ የሳተውን ኳስ ሳይጽፉ የማያድሩ ሰዎች ይህን ለመጻፍ 81 ዓመት ፈጀባቸው።

«መዝገቡ ጥሩ ነው» አሉ አጎታችን ወደ ምድር ባቡሩ ስንወርድ፥ «መዝጋቢው ግን ሰው ነው።»

እኩለ ሌሊት እስኪሆን ጠበቅን፤ አዲስ አበባ ከጧቱ አንድ ሰዓት ነው። ለባልንጀራችን ስልክ ደወልንና መጠይቁን ታክሲ ውስጥ የረሳነው እኛ መሆናችንን ነገርነው።

«አውቅ ነበር» አለን። «አብረን አይደል እንዴ የወረድነው?»

በመስከረም ሁለታችን ወደ መምህሩ ቢሮ ሄድን። የቤዝቦሉ መዝጋቢ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ፍርዱን ሊያሻሽል ይችላል። የኛ ውጤት ግን አንዴ ተመዝግቦ አልፏልና አይለወጥም ተባልን።