ከኪልሜይንሃም ወደ ሰሜን

ደብሊን ደርሶ የኪልሜይንሃምን እስር ቤት ማየት የሚፈልግ ሰው ቲኬቱን አስቀድሞ ቢቆርጥ ይሻለዋል፤ እንደዋዛ በሩ ላይ ደርሶ መግባት የሚሳካው ለጥቂቱ ነው። ሕንፃው ከ1796 እስከ 1924 ሌባውንም፣ ባለዕዳውንም፣ በታላቁ የአየርላንድ ረሃብ ዘመን ለአፉ የሚቀመስ ሲሰርቅ የተያዘውንም ሲያጉር ኖሯል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጎብኚው የሚጎርፈው ግን በሜይ 1916 እዚህ ለተረሸኑት 14 ሰዎች ሲል ነው።

የተረሸኑበት ድንጋይ መፍለጫ ግቢ ዙሪያውን በረጅም ግንብ የታጠረ ነው። ሁለት መስቀሎች ቆመውበታል። በአንደኛው ጫፍ ያለው የ13ቱ ነው። ሌላው ከመግቢያው በር አጠገብ ለብቻው ተተክሏል፤ የጄምስ ኮኖሊ ነው። ኮኖሊ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሳው የፋሲካው አመፅ ዋና ምሽግ በነበረው የደብሊን ፖስታ ቤት ሲዋጋ እግሩን ተመትቷል። ግቢውን አቋርጦ ከጓዶቹ ቦታ መድረስ ስላልቻለ በአምቡላንስ አምጥተው፣ እዚያው በሩ ሥር ወንበር ላይ አስረው ገደሉት። አስጎብኚያችን ይህን ስትናገር ከሕፃናቱ በቀር የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም።

እንግሊዞች ከዚህ የከፋ የፖለቲካ ስህተት ሠርተው ያውቃሉ ለማለት ይቸግረኛል። በአመፁ ሳምንት ከ480 በላይ ሰው ሲያልቅ ከግማሽ የሚበልጡት ሲቪሎች ነበሩ፤ ብዙው የከተማ ነዋሪም በአመፀኞቹ ተቆጥቶ ነበር። ርሸናው ግን በአንድ ቀን አላለቀም። ዛሬ ሦስት፣ ነገ አራት እያለ ከሜይ 3 እስከ 12 ተጓተተ፤ በየማለዳው አዲስ መርዶ የሰማው ሕዝብም ልቡ ዞረ። በ1918 ምርጫ ነፃነት ጠያቂው ፓርቲ ሺን ፌን ከ105 የአየርላንድ መቀመጫዎች 73ቱን ወሰደ። ተመራጮቹ ለንደን አንሄድም ብለው በጃንዋሪ 1919 ደብሊን ላይ የራሳቸውን ፓርላማ ከፈቱ፤ የነፃነት ጦርነቱም በዚያው ወር ተጀመረ።

በዚሁ እስር ቤት ከሁሉም ይልቅ ያቆመኝ የግሬስ ጊፎርድ ክፍል ነው። ግሬስ ሠዓሊ ነበረች። እጮኛዋ ጆሴፍ ፕላንኬት ሊረሸን ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ ሜይ 3 ቀን 1916 ማታ፣ በእስር ቤቱ ጸሎት ቤት ተጋቡ። ሲነጋ መበለት ሆነች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለአርበኞች መዝሙር በተመቸ ነበር። ግን በ1923 ግሬስ ራሷ ታስራ ወደዚያው ግንብ ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ያሰራት እንግሊዝ ሳይሆን፣ ባሏ ሞተለት የሚባለው አዲሱ የአየርላንድ መንግሥት ነው። በክፍሏ ግድግዳ ላይ እመቤታችንን ከነልጇ ሣለች፤ ጎብኚዎች በበሩ ቀዳዳ አጮልቀው ያዩታል።

ለነፃነት አብረው የታገሉትን ወንድማማቾች ያባላው በዲሴምበር 1921 ከለንደን ጋር የተፈረመው ውል ነው። ውሉ ለ26 አውራጃዎች ራስን ማስተዳደርን ሰጠ፤ በአንጻሩ የፓርላማ አባላቱ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ለመሆን እንዲምሉ አስገደደ። ከነፃነት ትግሉ መሪዎች ማይክል ኮሊንስ ፈረመ፣ ኤሞን ዴ ቫሌራ አልቀበልም አለ። በደብሊኑ ፓርላማ ድምፅ ሲሰጥ ውሉ 64 ለ57 ጸደቀ። የሚያስገርመኝ የክርክሩ ይዘት ነው። ስድስቱ የሰሜን አውራጃዎች ከ1920ው የእንግሊዝ ሕግ ጀምሮ ከተቀረው አየርላንድ ተቆርጠው ሳሉ፣ ተናጋሪዎቹ ሲነታረኩ የዋሉት በአብዛኛው በመሐላው ነበር።

በጁን 1922 የእርስ በርስ ጦርነት ተከፈተ፤ የኮሊንስ ጦር ከእንግሊዞች በተዋሰው መድፍ፣ የውሉ ተቃዋሚዎች የመሸጉበትን የፎር ኮርትስ ፍርድ ቤት ደበደበ። ከሕንፃው ጋር የሰባት ምዕተ ዓመት መዛግብት ነደዱ። ዛሬ የአያቱን አያት ስም ፍለጋ ከአሜሪካ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደናቀፈው በዚያ ቃጠሎ ነው። በኦገስት ኮሊንስ በትውልድ አውራጃው በኮርክ በደፈጣ ተገደለ፤ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ኬቪን ኦሂጊንስ የሚባለው ሚኒስትር ደግሞ፣ በ1921 ሲያገባ ሚዜው የነበረው፣ አሁን ግን ከውሉ ተቃዋሚዎች ወገን የተሰለፈው ሮሪ ኦኮነር ያለ ፍርድ እንዲረሸን በካቢኔ ተስማማ። አምስት ዓመት ሳይሞላ እሱም እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ።

ስለዚህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ አይወራም ነበር። ኪልሜይንሃምን ከፍርስራሽ ያዳኑት በ1960 የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከሁለቱም ወገን የመጡ ስለሆኑ የእርስ በርሱን ጦርነት ላያነሱ ተስማምተው ነው አካፋ ያነሱት። ሙዚየሙን በ1966 የመረቀው የቀድሞ እስረኛው ዴ ቫሌራ ነው፤ ያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ነበር። (በ1935 ጣልያን ኢትዮጵያን ስትወር በመንግሥታት ማኅበር ማዕቀቡን የደገፈው ዴ ቫሌራ ይኸው ሰው ነው።) ከሁለቱ ጎራዎች የበቀሉት ፊያና ፎልና ፊነ ጌል የሚባሉት ፓርቲዎች ሥልጣን ሲቀባበሉ ኖረው፣ ጥምር መንግሥት የመሠረቱት ገና በ2020 ነው።

በመሐላው የተጣሉት እንዲህ ታረቁ። መሐላውን እንኳ ዴ ቫሌራ ራሱ በ1930ዎቹ ሰረዘው። ስድስቱን የሰሜን አውራጃዎች የቆረጠው ድንበር ግን አለ። ከደብሊን ወደ ሰሜኑ ቤልፋስት የሚሄደው መንገደኛ ፓስፖርት የሚጠይቀው የለም፤ ድንበር ማለፉን የሚያውቀው የመንገዱ ምልክት ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲለወጥ ነው። ይህ ክፍት መንገድ ከ3,500 በላይ ሰው ከሞተበት የሰሜኑ የሠላሳ ዓመት ደም መፋሰስ በኋላ፣ በ1998 ስምምነት የተገኘ ነው።

ቤልፋስት ውስጥ ደግሞ ካቶሊኩን የፎልስ ሰፈርና ፕሮቴስታንቱን የሻንኪል ሰፈር የሚለየው ግንብ አለ፤ ሥራው በ1969 ለጊዜው ተብሎ ነው የተጀመረው። ቱሪስት በታክሲ እየመጣ በእስክሪብቶ ስሙን ይጽፍበታል። ከግንቡ ሥር ያሉ ቤቶች ከወዲያ የሚወረወር ድንጋይ እንዳይመታቸው ጓሯቸውን በብረት መረብ ሸፍነዋል። የሰሜኑ አስተዳደር በ2013 እነዚህን ግንቦች በ2023 አፈርሳለሁ ብሎ ነበር። ቀነ ገደቡ አልፏል፤ ከነዋሪዎቹ መካከል ዛሬውኑ ይፍረስ የሚል አለ፣ መረቡን አውልቄ የማድርበትን ሌሊት መጀመሪያ አሳዩኝ የሚልም አለ።