ከሐዲዱ ማዶና ማዶ

አንባቢ ሆይ፤ ከተማሪዎቼ መካከል ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ስላሉ፣ አንተም ምናልባት ታስብ ይሆናልና ስለ አንድ ኮሌጅ ላጫውትህ። በሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ወርደህ ጥቂት በእግርህ ብትሄድ ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ትደርሳለህ። ግቢው ከባቡር ሐዲዱ ወዲህና ወዲያ ስለ ተሠራ ተማሪው በእግረኛ ድልድይ ይመላለሳል። ኮሌጁ በ1946 እ.ኤ.አ. በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ በማታ ትምህርት ተጀምሮ፣ በ1950 ወደ ታኮማ ፓርክ ተዛወረ። በአካባቢው የአገራችን ሰዎች በብዛት ይኖራሉ።

ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሁሉ ይገባበታል፤ የምትጀምርበትን ክፍል ግን የእንግሊዝኛና የሒሳብ ችሎታህ ይወስነዋል። የወረዳው ነዋሪ የሚከፍለው ከሌላው ያነሰ ነው።

እዚያ ሁለት ዓመት ተምረህ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ካሰብህ፣ ሳትመዘገብ በፊት የኮሌጁን አማካሪ አነጋግር፤ የትኛው ትምህርት እንደሚቆጠርልህም ጠይቅ። ጓደኛህን ተከትለህ ብቻ ብትመዘገብና ዩኒቨርሲቲው ባይቀበልልህ፣ የሚባክነው ሌሊት ሠርተህ ያገኘኸው ገንዘብ ነው። «ሁለት ዓመት ምን ያደርጋል?» የሚልህን አትስማ፤ ድልድይ አጭር ቢሆንም ያሻግራል።