ዶቃዋን የዋጥኩ ዕለት

እናንተዬ፣ ዛሬ ስለ መጽሐፍ ላወራችሁ ነው። "ደግሞ ጀመራት!" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሱኝ… መጨረሻው ላይ ንስሐ አለበት።

መጽሐፉ "ሚስትቦርን" ይባላል። ስሙን ለታላቅ ወንድሜ ስነግረው "የማን ሚስት?" ብሎኛል። የማንም ሚስት አይደለችም! "ሚስት" በእንግሊዝኛ ጉም ነው፤ ከጉም የተወለደች እንደማለት። ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ የመጀመሪያውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሁለተኛውን በ2007፣ ሦስተኛውን በ2008 አወጣ። አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፤ መጨረሻውን ጭምር ነው የምዘረግፈው። ልታነቡት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ብንለያይ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰማይ አመድ የሚዘንብበት፣ ሌሊት ሌሊት ጉም የሚወርድበት አገር አለ። ለሺህ ዓመት የገዛው አንድ ሰው ነው፤ ሎርድ ሩለር ይሉታል። ከእሱ ሥር መኳንንት አሉ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ "ስካ" የሚባሉ፣ ሲሠሩ ኖረው ሲሠሩ የሚሞቱ ሰዎች። በዚያ አገር አንዳንዱ ሰው ማዕድን ውጦ ሆዱ ውስጥ "ያቃጥላል"፤ ኃይልም ያገኛል። ቆርቆሮ ያቃጠለ ዓይንና ጆሮው ይስላል። ብረት ያቃጠለ ብረታ ብረት ወደ ራሱ ይስባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

የሁሉም አለቃ ግን አቲየም ነው። የዶቃ ፍሬ ብታክል ነው። አቲየም ያቃጠለ ሰው፣ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ለጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ይታየዋል። ሰውየው ሰይፉን ገና ሳያነሳ ጥላው ሲያነሳ ያያል ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ማን ይችለዋል? በዚህ ምክንያት መኳንንቱ አቲየምን ከወርቅ አስበልጠው ያከማቹታል፤ ሎርድ ሩለር ደግሞ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ እየወሰነ አንገታቸውን ይዞ ይኖራል።

ዶቃዋ ከየት ትመጣለች? የሀትሲን ጉድጓዶች ከሚባል ቦታ። እስረኞች በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ እየተሳቡ ይወርዱና እንደ ተሰበረ መስታወት በሚቆርጡ ክሪስታሎች መካከል እጃቸውን እየሰደዱ ይፈልጋሉ። በሳምንት አንድ ካላገኙ ይገደላሉ። ከዋናዎቹ ባለታሪኮች አንዱ ኬልሲየር ከዚያ ያመለጠ ሰው ነው፤ ሁለቱም ክንዶቹ ጠባሳ በጠባሳ ናቸው። ሚስቱ ሜር ያገኘችውን ለእሱ ሰጥታ ባዶ እጇን ወጣች። ደብድበው ገደሏት። እንግዲህ ሳሎኑ ውስጥ ሐር ለብሶ ዶቃ የሚውጠው መኮንን ይህን አያይም። ነገን አስቀድሞ ያያል፣ ትናንት ግን አይታየውም።

በሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። አቲየም ለካስ ማዕድን አይደለም። ያን ዓለም የሠሩት ሁለት አማልክት ናቸው፤ አንዱ ጠባቂ፣ ሌላው አጥፊ። ጠባቂው አጥፊውን አሰረው፣ አካሉንም ሰወረበት። ያ የተሰወረው አካል ነው አቲየም! ስንት ዘመን ሙሉ ሰዎች እንደ ገንዘብ ሲመነዝሩትና ሲውጡት የኖሩት የአጥፊውን ሥጋ ነበር። ከጠባቂው አካል የወጣም አለ፤ ሌራሲየም ይባላል። እሱን የዋጠ ተራ ሰው ዕድሜ ልኩን ባለ ኃይል ይሆናል፤ ኃይሉም ለልጅ ልጁ ይተርፋል። የመኳንንቱ ቅድመ አያቶች የሎርድ ሩለር ወዳጆች ስለነበሩ ዋጡ። ልጆቻቸው ደግሞ "በደማችን ያለ ነው" ብለው ተኩራሩበት። በስጦታ የመጣውን "የራሴ ነው" ማለት… እሱስ እኛም ጋ አይጠፋም።

አሁን ወደ ንስሐው።

መጽሐፎቹን ያዋሰችኝ የዶርም ጓደኛዬ ነበረች። ከገጠር የመጣች፣ ከሁላችን የምታነብ፣ ትንሽ የምታወራ። የመጨረሻው ዓመት ላይ ነን። ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንድ ፍልሚያ ነበር። ቪን የምትባለው ልጅ አቲየም የላትም፤ የሚገጥማት ዜን ግን አለው። ቪን ምን እንደምትሠራ እሷ ራሷ ሳታውቀው እሱ ያውቃል። አለቀላት ስትሉ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? እሱን ታያለች። ዜን ገና ያልሰነዘረችውን ምት ለመከላከል ሲንቀሳቀስ፣ ሊመጣ ያለውን ከእሱ እንቅስቃሴ ላይ ታነባለች። ከዚያም ሌላ ነገር ታደርግና ትጥለዋለች። "ያየ ሰው እኮ ማየቱን መደበቅ አይችልም" ትለኝ ነበር ጓደኛዬ።

የመጨረሻ ፈተና ሊሆን አንድ ሌሊት ሲቀረው አንዲት ልጅ በራችንን ቆረቆረች። ፈተናው ወጥቷል። በስልክ የተነሱ አራት ገጾች፣ ሁለት መቶ ብር። ኮርሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር! ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ እስከዚያ ቀን አጤሬራ እንኳ ይዤ ገብቼ አላውቅም። ግን ሁሉም ገዝቷል ተባለ። "ሁሉም ካየው እኔ ብቻ ለምን ልቅር?" አልኩ። ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ልቀስቅሳት አልልቀስቅሳት ብዬ አሰብኩ። ብቀሰቅሳት አልገዛም እንደምትል አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔም አላየውም ማለት ነው። ስለዚህ አልቀሰቀስኳትም። የስልኬን ብርሃን ቀንሼ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አነበብኩ። ዶቃዋን ዋጥኳት።

ስለ አቲየም ያልነገርኳችሁ አንድ ሕግ አለ። ሁለት ተፋላሚዎች አብረው ካቃጠሉ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ አንዱም ብልጫ አያገኝም። የእኛም ክፍል እንዲሁ ሆነ። ሁላችንም አይተናልና አንዳችንም አንዳችንን አልበለጥንም። መምህራችን ውጤት የሚሰጠው ደግሞ የክፍሉን ነጥብ እርስ በርስ እያወዳደረ ነበር። ነጥባችን በሙሉ ጣሪያ ሲነካ፣ ሳታይ የተፈተነችው ወለል ላይ ቀረች። እኔ "ኤ"፤ እሷ "ሲ"። የእሷን ማስታወሻ ደብተር እየተዋስኩ የተማርኩት እኔ!

ያ "ሲ" አማካይ ውጤቷን ጎተተው። ሕልሟ ረዳት መምህር ሆኖ እዚያው መቅረት ነበር፤ በነጥብ ሽርፍራፊ አመለጣት። ዛሬ አንዲት ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እኔ ደግሞ "ጋዜጠኛ" ተብዬ የሌላውን ጉድ ስጽፍ እውላለሁ። ዶቃውን የዋጥነው ብዙዎች ነን፤ ክንዷ የተቆረጠው ግን የእሷ ብቻ ነው።

የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ኤለንድ የሚባለው ንጉሥና አቲየም ማቃጠል የሚችሉ ወታደሮቹ የተከማቸውን በሙሉ አቃጥለው ይጨርሱታል። ለመንገሥ አልነበረም፤ አጥፊው አካሉን መልሶ እንዳያገኝ ነው። ኤለንድ እዚያው ይሞታል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እኔ ምኑን ላቃጥል? ትራንስክሪፕቴን ባቃጥለው የእሷ አይስተካከል!

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ስንት ዓመት በሆዴ ያመላለስኩትን በሁለት ደቂቃ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣

"አውቃለሁ እኮ" አለችኝ።

"ነቅተሽ ነበር?"

"ኧረ ተኝቻለሁ። ጠዋት ነው ያወቅኩት። አንቺ የፈተና ቀን ቁርስ በልተሽ ታውቂያለሽ እንዴ? ያን ቀን ሁለት ዳቦ ነው የበላሽው።"

እኔ ምን ልበል! ፈተናው መውጣቱን ከእኔ ፊት ላይ አነበበችው። ልክ እንደ ቪን። ልዩነቱ ቪን ያየችውን ተጠቅማ ጠላቷን ጣለችበት፤ ይቺ ልጅ ግን አውቃ፣ ዝም ብላ ገብታ ተፈተነች። "ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ፈተናው ቢሰረዝ ወላጆቼ ለምረቃው የቆረጡትን ቲኬት ማን ይመልስላቸዋል? ደግሞ… አንቺ ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር። ትንሽ ዘገየሽ።"

ትንሽ! ይቅርታ አልኳት። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ አላልኩምም አላለችም። ስለ ተማሪዎቿ አወራችኝ። የእሷ ክፍል ውስጥ ፈተና የሚወጣው ሰሌዳው ላይ በጠመኔ፣ ሁሉም እኩል በሚያይበት ሰዓት ነው አለችኝ።

ይህን ልጽፍ ነው ብዬ ፈቃድ ጠየቅኳት። "ስሜን እንዳታነሺ" አለች። "ሁለተኛውን መጽሐፌን ግን መልሺልኝ። እስካሁን አንቺ ጋ ነው።"

እውነቷን ነው፤ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። ጥግ ጥጉ ታጥፏል፣ ሽፋኑም ትንሽ ተቀዷል። አሁን በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ይሄድላታል።